በስልሳ እጥፍ ያየሁት ፊት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልተናገርኩም። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ሰርግ ቤት ጠጥቼ መሳደቤን ዘርዝሬ እዚህኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። እናንተ የማታውቁኝ ሰዎች ናችሁ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቼ። ስለማታውቁኝም ነው የደፈርኩት። ይህ ራሱ ፈሪነት መሆኑ አይጠፋኝም።

ዮናስ እባላለሁ፤ ፎቶ አንሺ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፎቶ ቤቴ ግን ቃሊቲ ነው፣ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ጠያቂዎች ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር። ከሰርግና ከጉርድ ፎቶ ሌላ ሰው የሚያውቀኝ በአንድ ነገር ነው፤ ካሜራ እገመግማለሁ። ቴሌግራም ላይ ቻናል አለኝ። አዲስ ሆነ ያገለገለ ካሜራ እጄ ሲገባ አንድ ሳምንት እሠራበትና ጥንካሬውን ከላይ፣ ድክመቱን ከታች አድርጌ እጽፋለሁ። "ዮኒ ሳያየው ካሜራ እንዳትገዛ" ይባላል በፎቶ አንሺዎች ዘንድ። በዚህም እኮራለሁ፤ የቅርብ ጓደኛዬ የሚሸጠውን ዕቃ እንኳ ድክመቱን ደብቄለት አላውቅም። በጽሑፍ ደብቄ አላውቅም። የደበቅኩት በአፌ ነው፣ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ትልቁን የሰርግ ካሜራዬን ከነሌንሶቹ ሸጬ አንድ ሱፐርዙም ገዛሁ። ሱፐርዙም ማለት ሌንሱ የማይነቀል፣ በዚያው በአንድ ሌንስ አጠገብህ ያለውን ሙሉ ድንኳንም፣ ሩቅ የቆመ ሰው የሸሚዝ ቁልፍም የሚያነሳ ካሜራ ነው። የእኔው ስልሳ እጥፍ ያቀርባል። የገዛሁት ወገቤ ሻንጣ ሙሉ ሌንስ መሸከም እምቢ ስላለኝ ነበር። ጎረቤት ሳቀብኝ። "ዮኒ መጫወቻ ገዛ" ተባለ። ሁለት ሙሽሮች ካሜራውን አይተው ሌላ ፎቶ አንሺ ያዙ። እልህ ያዘኝ። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ገላን ኮንዶሚኒየም የተሰጣ ልብስ፣ አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ ከባድ መኪና ታርጋ እያነሳሁ ላገኘሁት ሁሉ አሳይ ጀመር። የጨረቃን ጠባሳ አንስቼ ሳሳያቸው የሳቁብኝ ሰዎች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ደስ አለኝ። በአርባ አንድ ዓመቴ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

አሁን ያኔ መናገር የነበረብኝን ግምገማ ልንገራችሁ። ካሜራው ጥሩ ነው። ቀላል ነው፤ ሌንስ ስትቀይር የሚያመልጥህ ነገር የለም፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ይችላል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሌንሱ በራሱ አቅም እስከሚደርስበት ድረስ፣ የሚያወጣው ፎቶ ንጹሕ ነው። ድክመቱን ግን ስሙኝ። ብርሃን የምትቀበለው ሴንሰር የምታህለው የትንሽ ጣት ጥፍር ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ካሜራው ያንን አሸዋ አጠፋለሁ ሲል ፊቱንም አብሮ ያለሰልሰዋል። ሩቅ ስታነሳ ደግሞ በመሀል ያለው አቧራና ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል። ከሁሉ የሚከፋው ከስልሳ እጥፍ ሲታለፍ ነው። ሌንሱ እዚያ ያበቃና ካሜራው ያለውን ምስል ራሱ መለጠጥ ይጀምራል፤ የጎደለውን በግምት ይሞላል። የሚወጣው ነገር ፊት ይመስላል። የማን ፊት እንደሆነ ግን ካሜራውም አያውቀው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ባለማወቅ አይደለም፤ አውቅ ነበር።

የሰፈራችን እድር ዕቃውን የሚያስቀምጥበት መጋዘን ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት፣ ከሜዳው ማዶ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ለለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠራባቸው ትልልቅ ብረት ድስቶች እዚያ ናቸው። ቁልፉን የሚይዙት አባባ ተክሌ ነበሩ። አባባ ተክሌ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ እድሩ ሲመሠረት ጀምሮ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ እየነፉ ሰፈሩን የሚዞሩትም እሳቸው ነበሩ። ጥሩምባውን የሚይዙት በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው፤ ግራ እጃቸው በወጣትነታቸው ማሽን ይዞት ከወገባቸው በላይ አይነሳም። ባለቤታቸው እማማ ብርቄ ኩላሊታቸውን ታመው ከሰኔ ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ።

መስከረም ላይ ከመጋዘኑ ሁለት ብረት ድስት ጠፋ። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። የእድር ዕቃ መስረቅ እኛ ዘንድ ከሬሳ ላይ ከፈን እንደመግፈፍ ነው የሚቆጠረው። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። "ለሚስቱ መድኃኒት ይሆናል" እያሉ የሚያዝኑላቸውም ነበሩ፤ ግን እያዘኑም ቢሆን ሌባ ማለታቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በረንዳዬ ላይ ካሜራዬን ይዤ ቆሜ አንድ ሰው ከመጋዘኑ ድስት ተሸክሞ ሲወጣ አየሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሦስት ጊዜ አነሳሁት። ሁለቱን ያነሳሁት ሌንሱ በራሱ አቅም በሚደርስበት ርቀት ነው፤ ሰውየው ሙሉ ቁመናው አለ፣ ፊቱ ግን ድስቱ ሥር ጨልሟል። በሦስተኛው ስልሳን አልፌ፣ መቶ ሃያን ሁሉ አልፌ ፊቱ ላይ ሄድኩ። እስክሪኑ ላይ አንድ ሽበታም ፊት ከነቆቡ ብቅ አለ። "አባባ ተክሌ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ሳላጣራ ደረጃውን ወርጄ የእድሩ ዳኛ ወደሆኑት ወደ ሻምበል ደረጀ ቤት ሮጥኩ። ሻምበል እስክሪኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ብሎኩ በሙሉ ሰማ። መጫወቻ ገዛ ያለኝ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ "አንተ፣ ለካ ጉድ ነው የያዝከው" አለኝ።

እዚህ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነበር። ሰው ይሳሳታል። በስህተት ቢሆን ለንስሐ አባቴ እነግራቸው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶውን ለማተም ፎቶ ቤቴ ገብቼ ሦስቱንም ኮምፒውተር ላይ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያውን አየሁ። ሁለተኛውን አየሁ። ሰውየው ድስቱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ደግፎታል። በሁለት እጁ። ግራ ክንዱ ተዘርግቶ ወደ ላይ ተነስቷል፣ ጣቶቹ የድስቱን ጆሮ ጨምድደው ይዘዋል። ፎቶው ንጹሕ ነው፤ ጣቶቹን መቁጠር ይቻላል። አባባ ተክሌ በግራ እጃቸው ቆባቸውን እንኳ ማስተካከል እንደማይችሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው መጣ፤ ዛሬ መብራት የለም ብዬ ዋሽቼ ሸኘሁት።

ምን ነበር የሚያስፈራኝ? ሻምበል ዘንድ ሄጄ "ተሳስቻለሁ" ብል ምን እሆን ነበር? ይሳቅብኝ ነበር። በቃ ይኸው ነው። "መጫወቻው ሰው ሊያስሰቅል ነበር" ይባል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ተስቆ ይረሳ ነበር። ያንን የሁለት ሳምንት ሳቅ አልችለውም ብዬ ነው የአንድን ሽማግሌ ስም የሸጥኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ሁለቱን ፎቶዎች ከካርዱም ከኮምፒውተሩም አጠፋኋቸው። ሦስተኛውን በትልቁ አተምኩት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባላቱ በሙሉ ተሰበሰቡ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሻምበል ደረጀ ወደ እኔ ዞረው፣ "ዮናስ፣ ባለሙያው አንተ ነህ። ይሄ ካሜራ ሊሳሳት ይችላል?" አሉኝ።

ጥንካሬና ድክመት ስጽፍ የኖርኩት እኔ፣ ያን ቀን ስለ ድክመቱ ተጠየቅኩ። በሕይወቴ ከቀረቡልኝ የግምገማ ጥያቄዎች ሁሉ ሰው የሚሞትበትና የሚድንበት ያ አንዱ ብቻ ነበር።

"አይችልም ሻምበል" አልኩ። "ሰው ነው የሚሳሳተው፤ ካሜራ አይዋሽም።"

ጋሽ ሰይድ ከኋላ ተነሱ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ በአይሱዙ እህል የሚያመላልሱ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። "እኔ ስለ ካሜራ አላውቅም" አሉ። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሰውየው ሙሉ ቁመናው የሚታይበት ሌላ ፎቶ የለም ወይ?"

"የለም ጋሽ ሰይድ። ያነሳሁት አንድ ብቻ ነው።"

በመጨረሻ ፎቶው አባባ ተክሌ እጅ ደረሰ። ዓይናቸው ላይ ሞራ መጋረድ ጀምሮ ስለነበር አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ቆዩ። "እኔን ይመስላል" አሉ። ሰው ተንጫጫ። "ይመስላል እንጂ እኔ አይደለሁም። ዮኒ ልጄ፣ እስቲ ደግመህ እየው።"

ደግሜ እንዳየው ለመኑኝ። ሌላ ምንም አልለመኑኝም። ፎቶውን ተቀብዬ ደግሜ አየሁ፣ ለይስሙላ አየሁ፣ ቀና ብዬም "እርስዎ ነዎት" አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔው ግን ወለምታም አልነበረም። አስቤበት፣ ቃሉን መርጬ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

በደንቡ መሠረት አባባ ተክሌ ከነቤተሰባቸው ከእድሩ ተሰረዙ። ቁልፉንና ጥሩምባውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ እዚህ አገር ላደገ ሰው አላስረዳም። በቁም መቀበር ነው።

እማማ ብርቄ ኅዳር ላይ ሞቱ። ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። እኔ የሰማሁት ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቼ ወደ ማዶው ብሎክ ስመለከት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ሳይ ነው። ካሜራውን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት አትጠይቁኝ፤ እግሬን አንስቼ መሄድ ስላቃተኝ ይሆናል። ጠዋቱ ብሩህ ነበር፣ ነፋስ የለም፣ ርቀቱም ሌንሱ በራሱ የሚደርስበት ነው። ያን ቀን ካሜራው አንድም ድክመት አልነበረውም። ቃሬዛውን የያዙት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከፊት ጋሽ ሰይድ አሉ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ደንቡም "ከተሰረዘ ጋር አትቁም" ይላል፤ ሁለቱም አላገዳቸውም። ስድስተኛው ተሸካሚ አባባ ተክሌ ራሳቸው ነበሩ። የሚስታቸውን ሬሳ በቀኝ እጃቸው ይዘዋል፤ ግራው ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የኮታቸው ሦስተኛ ቁልፍ እንደሌለ ሁሉ ታየኝ። ሌባው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ማን እንዳልነበረ ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ከአራተኛ ፎቅ ሆኜ በሌንስ አያቸዋለሁ። ፎቶ ግን አላነሳሁም። ካሜራውን አስቀምጬ ቁርሴን በላሁ። አዎ፣ በላሁ።

ያ በቂ አይደለም? እኔም በቂ መስሎኝ ነበር። ሰው ወደ ታች የሚወርድበት ደረጃ ግን ማለቂያ የለውም።

የእማማ ብርቄ ሙት ዓመት ሲቃረብ አባባ ተክሌ ፎቶ ቤቴ መጡ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ድረስ በሚኒባስ ተጋፍተው መጥተዋል። ሊገስጹኝ የመጡ መሰለኝ፤ ተመስገን፣ በመጨረሻ ሊገስጹኝ ነው አልኩ። እሳቸው ግን በትሕትና ቆባቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ። የእማማ ብርቄ አንድም ፎቶ የላቸውም። የድሮው ቤት ሲፈርስ የፎቶ ሳጥኑ ዝናብ ገብቶበት ተበላሸ፤ መታወቂያቸውም ለሕክምና ሲመላለሱ ጠፋ። ለቅሶው ላይ የሚያዝ ፎቶ እንኳ አልነበረም።

"አንተ ከበረንዳህ ሆነህ ሰፈሩን ሁሉ ታነሳ ነበር" አሉኝ። "ምናልባት አንድ ቀን ውኃ ስትቀዳ፣ ልብስ ስታሰጣ ገብታልህ ይሆን? ከሩቅም ቢሆን። ያ ካሜራህ እንደሆነ ከሩቅ ፊት ይለያል።"

የተጎዱበትን፣ ካሜራ አይዋሽም ያልኩትን ቃሌን አምነውታል። ገባችሁ? ስማቸውን የገደለው ውሸቴ ለእሳቸው እውነት ሆኖ ቀርቷል። የሚለምኑኝም እሱን ተስፋ አድርገው ነው።

ካሜራውን የገዛሁት ነሐሴ ነው። እማማ ብርቄ አልጋ ላይ የወደቁት ሰኔ ነው። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ከቤት አልወጡም። ስለዚህ የእሳቸው ፎቶ ካርዱ ውስጥ ሊኖር እንደማይችል ገና ጥያቄውን ሳይጨርሱ አውቄያለሁ። አባባ ተክሌ ካሜራውን መቼ እንደገዛሁ አያውቁም። "የለም" ማለት ነበረብኝ። ወይም ወለሉ ላይ ተደፍቼ እግራቸውን መያዝ ነበረብኝ። እኔ ግን "እፈልግልዎታለሁ" አልኩ።

ሦስት ቀን ፈለግኩ። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት አገኘሁ፤ ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ወደ ማታ ላይ፣ ከሩቅ፣ ስልሳን አልፌ ያነሳኋት። ፊቷ የሚባል ነገር የለም። ካሜራው የገመተው ጥላና ብርሃን ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ አለሰለስኩት፣ ዓይኖቹን ትንሽ አጠቆርኩ፣ አተምኩት፣ መስታወት ባለው ክፈፍ አደረግኩት። ሲመጡ ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

"እሷ ናት ዮኒ?"

"እሳቸው ናቸው" አልኩ።

በሞራ በተጋረደ ዓይናቸው አለቀሱ። ትከሻዬን ስመው ሄዱ። ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ስለ ኩራቴ ዋሸሁ፣ የሁለተኛውን ደግሞ ስለ ርኅራኄ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ርኅራኄ አልነበረም። ዕዳዬን በርካሽ ለመክፈል ነው፣ ምንም ባላስወጣኝ ነገር።

አሁን የቆምኩበትን ቦታ እዩልኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት እንዲጠራ እኔ መናገር አለብኝ፤ ያጠፋኋቸው ፎቶዎች አይመለሱም፣ ከቃሌ በቀር ማስረጃ የለም። እድሩ ፊት ቆሜ "ያ ካሜራ በዚያ ርቀት የሚያወጣው ፊት የማንም ፊት አይደለም፤ ግምት ነው" ማለት አለብኝ። ብል የአባባ ተክሌ ስም ይጠራል። ግን ያንን በሰሙበት ቅጽበት ቤታቸው ገብተው ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉትን ፎቶ ያያሉ። ስማቸውን ስመልስላቸው ሚስታቸውን እወስድባቸዋለሁ። ዝም ብል ደግሞ ሌባ እንደተባሉ ይሞታሉ፤ እሳቸውንም ድንኳን ሳይተከልላቸው ጋሽ ሰይድና አራት ሰው ይቀብሯቸዋል።

ይህን ለዝምታዬ ሰበብ አድርጌ አላቀርበውም። አጣብቂኙን የሠራሁት እኔው ነኝ፣ በሁለት ቃል፣ በሁለት የተለያየ ቀን። ሌላ ሰው በቦታዬ ቢሆን ዛሬውኑ ይናገር ነበር። እኔ ለእናንተ እጽፋለሁ።

ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ባለቤቱ ማዶ ብሎክ ምድር ቤት ይኖራሉ። አንዳንድ እሑድ ዳቦ ይዤ እጠይቃቸዋለሁ። ወንበር ስበው ያስቀምጡኛል፣ በቀኝ እጃቸው የክፈፉን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ከዚያ "ብርቄን ያመጣህልኝ ልጅ፣ እግዜር ውለታህን ይክፈልህ" ብለው ይመርቁኛል።

አሜን እላለሁ።